ካርታው በማን ስም ነው? ሐቁስ የማን ነው?

 

የከተማ ሙስሊም በዕድሜው ከሚፈርማቸው ወረቀቶች ሁሉ ከባዶቹ ሁለት ናቸው፤ የኒካሕ ውሉና የቤት ውሉ። ለኒካሕ ወሊዩ ማነው፣ ምስክሮቹ እነማን ናቸው፣ መህሩስ ስንት ነው ብለን እንጠይቃለን። ቤት ስንገዛ፣ ስናስይዝ ወይም ስንወርስ ግን በወረቀቱ ላይ የሰፈሩት ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ሳንጠይቅ ደላላው በጣቱ ባሳየን ቦታ ላይ እንፈርማለን። ከዓመታት በኋላ ወንድምና እህት በፍርድ ቤት ደጅ ይገናኛሉ፤ የቲሞችም ከአባታቸው ቤት ይወጣሉ።

ነገሩ የዱንያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዲት ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ዕለት እስከ ሰባተኛው ምድር ድረስ በአንገቱ እንደሚጠለቅለት መልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ማስጠንቀቃቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የሐዲሡ አስተላላፊ ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) ጀነት ከተበሰረላቸው ዐሥር ሶሓቦች አንዱ ናቸው። አንዲት ሴት መሬቴን ወሰደብኝ ብላ በመዲናው ገዥ በመርዋን ዘንድ በከሰሰቻቸው ጊዜ፣ ይህንን ከነቢዩ አፍ ሰምቼ እንዴት አደርገዋለሁ የሚል ነበር መልሳቸው። እኛስ ሰምተናል፤ ምን አደረግንበት?

ከመጀመሪያው ቃል እንነሳ፤ «ይዞታ»። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በመሬቱ ላይ በገንዘብህና በጉልበትህ የሠራኸው ቤት ግን ያንተ ነው፤ ትሸጠዋለህ፣ ታወርሰዋለህ። እንግዲህ «መሬት ገዛሁ» የሚል ሰው በሕግ ቋንቋ የገዛው ቤቱን ነው፤ በመሬቱ ላይ ያለው የመጠቀም መብት ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ለሸሪዓችን እንግዳ አይደለም። ፉቀሃዎች የነገሩን የራሱን ባለቤትነት «ሚልኩል ዐይን»፣ የመጠቀም መብቱን «ሚልኩል መንፈዓ» ብለው ይለያሉ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) የዒራቅን ለም መሬት ለዘመቱት ወታደሮች ከማከፋፈል ይልቅ ነዋሪዎቹ እያረሱ ኸራጅ እንዲከፍሉበት፣ ኋላ ለሚመጣውም ትውልድ እንዲተርፍ አድርገው ነበር።

ሁለተኛው ቃል «ሊዝ» ነው። በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 የገባ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት ዘመኑን 99 ዓመት አደረገው። ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘው ቦታ «ነባር ይዞታ» ይባላል። የሊዝ ቤት ገዥ ስንት ዓመት እንደቀረ፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ ባንክ ይዞት እንደሆነም አስቀድሞ ይጠይቅ። ሻጭም ሳይጠየቅ ይናገር። ገዥና ሻጭ እውነቱን ገልጸው ከተገበያዩ በረካ እንደሚያገኙ፣ ከደበቁና ከዋሹ በረካው እንደሚጠፋ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። የተደበቀ ዕዳ ያለበት ቤት ግድግዳው ቢያምርም በረካ የለውም።

በከተማ ዳር «የገበሬ መሬት» በመንደር ውል የሚገዛና «የጨረቃ ቤት» የሚሠራ ወገንም አለ። ሻጩ የሚሸጠው የመሸጥ ሥልጣን የሌለውን ነገር ነው። የሌላችሁን አትሽጡ የሚለው ነቢያዊ ትምህርት ይህንን ይመለከታል። ግሬደር የመጣ ዕለት የሚፈርሰው ቤት ብቻ አይደለም፤ የልጆች ጉሮሮ ተዘግቶ የተጠራቀመ ገንዘብ ጭምር ነው።

ሦስተኛው «ወለድ አገድ» ነው። ሙስሊም ሁሉ በዚህ ቃል ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። አበዳሪው ገንዘብ ይሰጣል፤ በወለድ ፈንታ ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ በተበዳሪው ቤት ይኖርበታል ወይም አከራይቶ ኪራዩን ይበላል። «ወለድ አልተቀበልኩም» ብሎ ራሱን የሚያጽናና አለ፤ ስሙ ግን ራሱ ይናገራል። ለአበዳሪ ጥቅም በቅድመ ሁኔታ የሚያስገኝ ብድር ሪባ መሆኑን ዑለማዎች አስረድተዋል። ረህን፣ ማለትም መያዣ፣ የተፈቀደው ብድሩን ለማስጠበቅ ነው፤ የተቸገረን ወንድም ቤት በነፃ ለመብላት አይደለም።

አራተኛው «ውክልና» ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ጉዳይ እንዲጨርስልኝ» ብላ የፈረመች እናት «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚለው ሐረግ በወረቀቱ ውስጥ መኖሩን ማወቅ አለባት። ወኪልም አማና ተሸካሚ መሆኑን አይርሳ።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንምጣ፤ ወደ «ሚራስ»። አባት ይሞታል። ቤቱ ሳይከፈል ዓመታት ያልፋሉ። ታላቅ ወንድም «ለጉዳይ እንዲመች» ተብሎ ካርታውን በስሙ ያዞራል። እህቶች በየትዳራቸው ናቸው፤ ወንድማቸውን ላለማስቀየም ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ሲጠይቁ «ካርታው በስሜ ነው» ይላቸዋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195 ካርታ ስሙ የተጻፈበት ሰው ባለሀብት እንደሆነ ያስገምታል። ቀጣዩ ቁጥር ግን ግምቱ በማስረጃ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። በምድር ፍርድ ቤት እንኳ ካርታ የመጨረሻ ቃል ካልሆነ በአላህ ዘንድ እንዴት ይሆናል?

ሱረቱ ኒሳእ በቁጥር 7 ወንዶችም ሴቶችም፣ ንብረቱ ቢያንስም ቢበዛም፣ ድርሻ እንዳላቸው ያረጋግጣል። ከቀብር ወጪ፣ ከዕዳና ከሲሶ ካልበለጠ ወሲያ በኋላ የቀረው የወራሾች ነው፤ ሟች ልጆች ካሉት ለሚስት ስምንተኛ፣ ለሴት ልጅም የወንድሟ ግማሽ። ሚስት በራስዋ ገንዘብ ለቤቱ ያዋጣችው ከዚህ ውጪ ነው፤ የራስዋ ሐቅ እንጂ ውርስ አይደለም። አላህ ድርሻዎቹን ከዘረዘረ በኋላ በቁጥር 13 የእሱ ወሰኖች ብሎ ሰየማቸው። የጎረቤትን ወሰን ድንጋይ መንቀል ነውር ነው የምንል ሰዎች የአላህን ወሰን ስንነቅል አናፍርም?

በሪያድ፣ በዱባይና በቤይሩት በሰው ቤት እየሠሩ ገንዘብ ስለሚልኩ እህቶቻችንም እንናገር። ወንድም ቤቱን በገንዘብዋ ገዝቶ በራሱ ስም ያስመዘግባል፤ ስትመለስ እንግዳ ሆና በሳሎን ትተኛለች። ይህ የአማና ክህደት ነው፤ ሰላትና ጾሙ የሰው ሐቅ ከመመለስ አያድነውም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አንደኛ፣ ይጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ ቁጥር 282፣ የሚያዘው ዕዳን መጻፍና ማስመስከርን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ከውጭ የሚላክ ገንዘብም ለምን እንደተላከ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የማናውቀውን ቃል የሕግ አዋቂና ዓሊም ሳንጠይቅ አንፈርም። ሦስተኛ፣ ሚራስ ሳይውል ሳያድር ይከፈል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮች ፈቅደው ከቀረቡ ውርስን፣ ስጦታንና ወቅፍን ይዳኛሉ።

ዛሬ ማታ ካርታውን ከሣጥኑ አውጥተን እንየው። የተጻፈውን ስም እናንብብ፤ ከዚያም ያልተጻፉትን ስሞች እንቁጠር። ሐቃቸውን በሕይወት ሳለን ብንመልስ ቂያማ ላይ ከመጠየቅ ይቀላል። አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ ከመሞት ይጠብቀን።