የጉብኝቱ ቀን የማን ነው?

ትዳር በዱላ ሲፈርስ የማይቀር መከራከሪያ አለ፦ «እሷን መታ እንጂ ልጁን ነክቶ አያውቅም።» ሽማግሌም ይለዋል፣ ጠበቃም ይለዋል፤ አንዳንዴ ራሷ የተመታችውም ትለዋለች። ባልነትና አባትነት ለየቅል ናቸው፣ በአንዱ ያጠፋ በሌላው ንጹሕ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሐሳቡ የሞኝ አይደለም። ዕዳውን የማይከፍል ሰው ጎበዝ ሐኪም ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን።

ስፔናዊቷ አንኼላ ጎንሳሌስ ካሬኞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሏ በልጃቸው ፊት በቢላዋ ሲያስፈራራት ቤቱን ጥላ ወጣች። ከ30 በላይ አቤቱታ አቀረበች። ልጅቷ አባቷን መጀመሪያ የምታገኘው ባለሙያ በተገኘበት ነበር፤ በ2002 ግን ፍርድ ቤቱ ለብቻቸው እንዲገናኙ ፈቀደ። በ2003 አባትየው የ7 ዓመት ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ። በ2014 በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ስፔን ግዴታዋን ጥሳለች ሲል ወሰነ፤ በ2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእናትየዋ 600,000 ዩሮ ካሳ ፈረደላት።

ሚስቱን የሚመታ ሁሉ ልጁን አይገድልም። እኔን የሚያሳስበኝ ፈቃዱ የተሰጠበት መንገድ ነው። ዓላማው የአባትና የልጅን ግንኙነት ወደ ደንበኛው መልኩ መመለስ ነበር፤ ማን ይቃወመዋል? ጉብኝት የአባት ድርሻ ሆኖ ሲታይ ግን መከልከሉ ቅጣት ይመስላል፣ ለቅጣት ደግሞ የተረጋገጠ ጥፋት ያሻል። የወንጀል ችሎት «ምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቃል። የልጅ ጉዳይ የሚያይ ዳኛ ጥያቄው «ነገ ልጅቷ ምን ይገጥማታል?» ነው፤ ለፊተኛው ያልበቃ ማስረጃ ለኋለኛው ሊበቃ ይችላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ከወላጅ ጋር የመገናኘትን መብት የሚሰጠው ለልጁ ነው፤ ያውም ጥቅሙን እስካልጎዳ ድረስ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን አንቀጽ 113 ደግሞ ልጅ ማን ዘንድ ይደግ የሚለውን ለመወሰን የባልና ሚስትን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ይዘረዝራል። ዱላን በስሙ አይጠራም። ስለዚህ ዳኛው ካልጠየቀ ሳይነሳ ሊያልፍ ይችላል።

ለትንሽ ልጅ እናት መጠለያው ናት። በእሷ ላይ የሚነሳ እጅ የልጁንም እንቅልፍ ይነሳል፤ ግድግዳ ማዶ ሆኖ የሰማ ልጅ አልተነካም ማለት ይከብደኛል። በየሳምንቱ ልጅ ማስረከብም አለ፦ የሸሸችውን ሰው በቀጠሮ ፊት ለፊት ማግኘት።

ልጁ አባቱን ቢናፍቅስ? ይናፍቃል፤ ናፍቆቱም እውነተኛ ነው። ግን የሚናፍቀው ሰው አያሰጋም ማለት አይደለም።

ስፔን በ2021 ሕጓን አሻሽላ በቤት ውስጥ ጥቃት የተከሰሰ ወላጅ ጉብኝቱ እንዲታገድ ደነገገች፤ ዳኛ ለልጁ ይበጃል ብሎ ከፈቀደ ምክንያቱን መጻፍ አለበት። የማስረዳቱ ሸክም ቦታ ለወጠ። ይህን እደግፋለሁ፤ በሐሰት የተከሰሰ አባት ከልጁ ጋር ሊያሳልፍ የሚገባውን ወራት ሊያጣ እንደሚችል እያወቅሁ። ለሁለት ዓመት ሕፃን ጥቂት ወራት ረጅም ናቸው። ስለዚህ ማጣራቱ በሳምንታት ማለቅ አለበት፤ እስከዚያው አባትና ልጅ ባለሙያ ባለበት ይገናኙ። ለዚህም ክፍል፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ፣ የእሑድ ተረኛ ያስፈልጋል።