በፈተና ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ ነውር ነውን?

ሰው በልቡ ያለውን ፍርሃት በአንደበቱ ሊሰውረው ይችላል፤ በእጁ ግን ሊሰውረው አይቻለውም። ይህም የነርስነት ተማሪ መርፌ ይዞ በፈታኝ ፊት በቆመ ጊዜ ይታያል። ከሐይቅና ከአምባሰል ወደ ደሴ ሄደው ይህን ሙያ የሚማሩ ልጆች ሁሉ ያውቁታል።

የተግባር ፈተና በየጣቢያው እንዲሰጥ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ አገር በደንዲ ከተማ ያሰናዱትን ሥርዓት በ1975 እ.ኤ.አ. ገለጡ፤ አስቀድሞ ለሐኪሞች ሆኖ ኋላ ለነርሶችም ተረፈ። ተፈታኙ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተዛወረ በጥቂት ደቂቃ ሥራውን ሲፈጽም ፈታኙ በዝርዝር ይመዝነዋል። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ልቡ ይመታል፤ አፉ ይደርቃል፤ መዳፉን ያልበዋል፤ ጣቱም ይንቀጠቀጣል። ይህም ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ አድሬናሊን የሚባለውን ቅመም ወደ ደም በመልቀቁ ነው። ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰውነት እንዲህ የሚሆነው ለመታገል ወይም ለመሸሽ ሲዘጋጅ ነው። በበሽተኛ አጠገብ የቆመ ነርስ ግን መታገልም መሸሽም አልተፈቀደለትም፤ ጸንቶ መቆም ብቻ ነው።

እንግዲህ ፈቃድ በሌለበት ነውር የለምና መንቀጥቀጡ አያስነቅፍም። ነገር ግን ከአምባሰል ተራራ በቃሬዛ የወረደ በሽተኛ የሚሻው መድኃኒቱ በልኩ እንዲሰጠው ነው። ስለዚህ ፈታኙ ተማሪውን ስለ መንቀጥቀጡ ብቻ ቢጥለው ዕውቀቱን ይበድላል፤ ስለ ራራለት ብቻ ቢያሳልፈው ደግሞ በሽተኛውን ይበድላል። ፊቱ የለዘበ፣ ሚዛኑ ግን የጸና ሊሆን ይገባዋል።

ተማሪውስ ምን ያድርግ? በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር ለዚህ መልስ አይጠፋም። የአብነት ተማሪ ቀለሙ ከአንደበቱ ጋራ እስኪዋሐድ ድረስ ይቀጽላል፤ በመምህሩ ፊት ልቡ ቢደነግጥ እንኳ አንደበቱ ይመራዋል። የነርስም እጅ እንዲሁ በድግግሞሽ ሥራውን ሊለምድ ይገባዋል።

አንባቢ ሆይ፤ እውነተኛው ነውር ሌላ ነው። ተማሪው ከድንጋጤው የተነሣ የደም ግፊቱን ድምፅ ሳይሰማ ቀርቶ፣ ነጥብ እንዳይጎድልበት ከልቡ ቁጥር አፍልቆ ቢጽፍ፣ ፈታኙን ያታለለበት ልማድ ነገ በሰው ነፍስ ላይ ይደርሳል። እጁ እየተንቀጠቀጠ «አልሰማሁም፤ እንደ ገና ልለካ» የሚለው ግን ነጥብ ቢቀነስበትም በሽተኛ ሊታመንበት የሚገባ እርሱ ነው።