የጋሼ እንግሊዝኛ

ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝን መምህር እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በቀደም ልጠይቃቸው ብሄድ ደማቸው ፈልቶ አገኘኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ተማሪያቸው አቤቱታ ለሚያጣራ ክፍል ሥራ ሲያመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉለት። ልጁን ለማመስገንም «ዲስኢንተረስትድ» አሉት። የማያዳላ፣ የራሱን ጥቅም የማያይ ማለታቸው ነው። ደብዳቤውን ያነበበው ወጣት ኃላፊ ግን ልጁን «መምህርህ እንኳ ፍላጎት የለውም ብለው መስክረውብሃል» ብሎ ሸኘው።

«ዳኛ ዲስኢንተረስትድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ ጋሼ።

እውነት አላቸው። በጉዳዩ የግል ጥቅም የሌለው ዳኛና ለጉዳዩ ግድ የሌለው ዳኛ ሰማይና ምድር ናቸው። አንደኛው ባላጋራችሁ የሥጋ ዘመዱ ቢሆን እንኳ ይፈርድላችኋል። ሁለተኛው እናንተ እንባችሁን እያፈሰሳችሁ እሱ ያዛጋል። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራን ነገ አቤት ስንል ምን ብለን ልንለያቸው ነው?

መዝገበ ቃላት ግን ለማንም አያዝንም። ቤቴ ገብቼ ባገላብጥ፣ ቃሏ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብቅ ስትል ትርጉሟ «ግድ የሌለው» ነበር! እህቷ «አንኢንተረስትድ» ደግሞ ያኔ «የማያዳላ» ማለት ነበረች። ኋላ ቦታ ተለዋወጡ። ክርክሩ በቀደምትነት ከሆነ ወጣቱ ኃላፊ ሳያውቀው ረትቷል። (የዛሬው «ናይስ» በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «ሞኝ» ማለት እንደነበር ልብ ይሏል።)

ደግሞስ ሁለቱም ወገን ልክ ሆኖ መጣላት አለ አይደል? ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት መጽሐፍ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር ሹማምንት «ቴብል» በምትል ቃል ሲነታረኩ እንደነበር ይተርካሉ። ለእንግሊዞቹ «አሁኑኑ እንነጋገርበት»፣ ለአሜሪካኖቹ «ይቆየን» ማለት ነበረች። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ነው ፍላጎታቸው አንድ መሆኑ የገባቸው። እነሱ ግን አላወቁም ነበርና አይፈረድባቸውም።

ይህንኑ ይዤ ተመልሼ ጋሼን ጠየቅኋቸው፤ «የዛሬ ልጆች ቃሏን በሌላ እንደሚረዷት አያውቁም ነበር?»

ዝም አሉ። ከዚያ «አውቃለሁ» አሉ። «ለመሃይም ብዬ ቃሌን ልለውጥ?»

እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው። ቋንቋን መጠበቅ ክብር ነው፤ ራሳቸው መጽሐፍ ቢጽፉበት አጨበጭብላቸው ነበር። ደብዳቤው ግን የልጁ እንጀራ ነበር። ጋሼ የዘመቱበትን ጦርነት ልጁ አያውቀውም፤ ቁስሉ ግን የእሱ ሆነ። አክብሮቴን ሳልቀንስ ይህንኑ ነገርኳቸው።

በነጋታው «ኢምፓርሻል» የምትል ቃል ያለባት አዲስ ደብዳቤ ጽፈው ለልጁ ሰጡት። ቦታው ግን በሌላ ሰው ተይዞ ቆየው።