ቀለም ያልደረሰበት ስፍራ

በእጅ ከሚሠሩ የመልካም ምኞት ካርዶች መካከል አንደኛው ዓይነት ሥዕሉ የሚወጣው ቀለም በመቀባት ሳይሆን ቀለምን በመከልከል ነው። ሠሪው በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ሻማ አበባ ይሥላል፤ በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ምንም አይታይም። ቀጥሎ በውሃ የቀጠነ ሰማያዊ ቀለም በሰፊ ብሩሽ ሲያልፍበት፣ ሰም ውሃ ስለማያስጠጋ ቀለሙ ከሰሙ ላይ ተንከባሎ ወደ ባዶው ወረቀት ይሸሻል፤ አበባው ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። በሰም ፋንታ ፈሳሽ ላስቲክ የሚጠቀሙም አሉ። ላስቲኩ በቀጭን ብሩሽ ይቀባና ይደርቃል፤ ቀለሙ አልፎ ከደረቀ በኋላ በጣት ታሽቶ ይነሳል። ሌሎች ደግሞ ቀለም በሌለው የሚያጣብቅ ማኅተም ላይ ልዩ ዱቄት ነስንሰው በሙቀት ያቀልጡታል፤ ዱቄቱ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ በጣት የሚዳሰስ፣ ውሃ የማያስገባ መስመር ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ከጋዜጣና ከጨርቅ ቁራጭ ጋር በአንድ ካርድ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ዘዴው የቆየ ነው። የጃቫ ባቲክ በትኩስ ሰም፣ የናይጄሪያ ዮሩባዎች አዲሬ በካሳቫ ሙጫ ይሠራል። በዩክሬን የፋሲካ እንቁላል በሰም እየተጻፈበት ከፈዛዛው ቀለም ወደ ጥቁሩ በየተራ ይነከራል፤ በመጨረሻ ሰሙ በሻማ ነበልባል ቀልጦ ይጠረጋል።

ከዚህ አንድ የፍልስፍና ጥያቄ ይነሣል። በነጩ አበባ ላይ ሠሪው ቅንጣት ቀለም አላኖረም። ታዲያ አበባው የእርሱ ሥራ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? አለመንካት ሥራ ነው ወይ?

አሪስቶትል የሌለ ነገር ሁሉ ጉድለት እንዳልሆነ አስተምሯል። ድንጋይ ባያይ ዕውር አይባልም፤ ዕውር የሚባለው በተፈጥሮው ማየት የሚገባው ፍጡር ነው። በዚህ መለኪያ፣ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ የሚገኝ ባዶ ወረቀት ነጭ ቢሆንም ቀለም ጎደለው አይባልም። በካርዱ ላይ ያለው ነጭ ግን ብሩሹ በላዩ አልፎበታል፤ ቀለም ሊደርስበት ይችል ነበር፣ አልደረሰበትም። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም የአሪስቶትል ጉድለት ማጣት ነውና እስከ መጨረሻው አያስኬድም፤ ነጩ አበባ ምንም አላጣም።

የአሉታ መንገድን የተከተሉ የሃይማኖት ሊቃውንት ከዚህ ይበልጥ ይቀርባሉ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ6ኛው መጀመሪያ ገደማ በአርዮስፋጎሳዊው ዲዮናስዮስ ስም የጻፈው ደራሲ፣ ስለ እግዚአብሔር የሚባለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሡ መሄድን ሐውልት ቀራጭ የሚሸፍነውን ድንጋይ አንሥቶ የተሰወረውን መልክ ከመግለጡ ጋር አነጻጽሮታል። አይሁዳዊው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስም በ1190 እ.ኤ.አ. አካባቢ በጨረሰው «ግራ ለተጋቡ መሪ» ስለ ፈጣሪ በትክክል መናገር የሚቻለው ያልሆነውን በመናገር ነው ብሎ ተከራክሯል። ይሁንና የቀራጩ ምሳሌ ለሰሙ ሥራ አይገጥምም። ቀራጩ ያለውን ያነሣል፤ ካርድ ሠሪው ግን የሚነሣ ነገር ከመምጣቱ በፊት ያጥራል። ሰሙ ከቀለሙ በኋላ ቢቀባ የሚያቆየው ነጩን ሳይሆን ቀለሙን ነበር። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል።

ለዚህ የቀደመ አጥር የቅርብ አቻው ሰንበት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ትረካ በሰባተኛው ቀን የሚፈጠር ነገር የለም፤ የተባረከውና የተቀደሰው ግን ያ ቀን ነው። ሥራ ፈት ሰው በዚህ ስሜት ሰንበት የለውም፤ ዕረፍቱን የሚያጎላ ስድስት ቀን ከጎኑ አልቆመምና። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከመጽሐፍ አልፎ ስደትና መገፋት አስከፍሏል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ጸኑ፤ ከአገር ወጥተውም በአርመን ምድር ዐረፉ። ተከታዮቻቸው የሆኑ መነኮሳት ለረጅም ጊዜ ሲገፉ ቆይተው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። እነዚያ መነኮሳት መገፋቱን የተቀበሉት አንድ ነገር ላለማድረግ ነበር። አስቀድሞ የተቆረጠና ዋጋ የተከፈለበት አለማድረግ ድርጊት አይደለም ማለት ያስቸግራል፤ የነጩ አበባ ባለቤትነትም በዚሁ ይቆማል።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። በወርቅ ሠሪው ዘንድ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ቦታውን ወርቅ ይሞላዋል፤ ቅኔውም ውስጡ ሌላ ትርጉም ስላለ ይፈታል። በካርዱ ላይ ግን ሰሙ ቢነሣም የሚሞላ ነገር የለም፤ ከሥር የሚገኘው ያው ወረቀት ነው።

የሠሪው አጥር ሁልጊዜ አይጸናም። በባቲክ ሰሙ ሲሰነጠቅ ቀለም በስንጥቁ ሰርጎ ፀጉር የመሰለ መስመር ይተዋል፤ አንዳንዱ ሠሪ እንደ ነውር ሲያየው ሌላው ሆን ብሎ ሰሙን ይጨመድደዋል። ሊመጣ እንደሚችል ታውቆ የተፈቀደ ስንጥቅ፣ በከፊልም ቢሆን የፈቃጁ ሥራ ነው።

ካርዱ ግን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ስጦታም ነው፤ ያም የራሱ ጥያቄ አለው። በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል ሠዓሊውን ጆን ካልኮት ሆርስሊን አሥሎ ለሽያጭ የቀረበውን የመጀመሪያውን የገና ካርድ አሳተመ፤ ብዙ ሥራ የነበረበት ኮል ለእያንዳንዱ ወዳጅ ደብዳቤ ከመጻፍ ያረፈበት መላ ነበር። ካርድ እንግዲህ የተወለደው ድካም ለመቀነስ ነው፤ በእጅ የሚሠራው ካርድ ያንኑ ድካም መልሶ ያመጣል። ድካሙ ለስጦታው ዋጋ ይጨምራል? ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፈው መጽሐፍ ውለታ በእጅ አይዳሰስም፣ ያለው በሰጪው ሐሳብ ነው ይላል። በእርሱ አባባል ሙሉ ቀን የፈጀው ካርድ በአንድ አፍታ ከተገዛው አይበልጥም።

ማርሴል ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ደግሞ ስጦታ ምንጊዜም የመመለስ ግዴታ ይዞ እንደሚመጣ አሳይቷል። መስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች አበባዮሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ መልአክ፣ ፀሐይ ወይም አበባ የሣሉበትን ወረቀት በየቤቱ ያድላሉ፤ በአጸፋው ሳንቲም ወይም ዳቦ ይቀበላሉ። ሞስን ያነበበ ሰው ይህን የተሸፈነ ሽያጭ ሊለው ይችላል። ግን ልጁ ዋጋ አይጠራም፣ አባወራውም አይከራከርም፤ ጥቂት የሰጠ ቤት ሥዕሉን አይነጠቅም። መመለሱ ግዴታ ቢሆንም መጠኑ ለተቀባዩ ፈቃድ የተተወ ነው። ገበያ ላይ የታተመ ሥዕል ገዝቶ የሚያዞር ልጅም በዚሁ ልማድ ውስጥ ነው፤ ስጦታነቱን አላጣም። ሴኔካ በዚህ ላይ ትክክል ነው። ያ ልጅ የሌለው አስቀድሞ ሰሙን የማስመር ሥራ ነው፤ ይህም ሥዕሉን ይመለከታል እንጂ ስጦታውን አይመለከትም።