ቤትን ማደስና ለልጆች የትምህርት ድጋፍ መጠየቅ



ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል መጠለያና ዕውቀት ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ሲሆኑ በአንድ ቤተሰብ ኪስ ውስጥ ሲገናኙ ግን ብዙ ጊዜ ይጋፋሉ። ዛሬ ልናነሣው የወደድነውም ጥያቄ ከዚሁ የሚነሣ ነው፦ ቤቱን በማደስ ላይ ያለ፣ ወይም ሊያድስ ያሰበ ክርስቲያን፣ ለልጁ ትምህርት እርዳታ መጠየቅ ይገባዋልን? ቢጠይቅስ በምን ዓይነት ልብና በምን ዓይነት ቃል መጠየቅ ይኖርበታል?

ጥያቄው የሩቅ ሰዎች ጥያቄ አይደለም። በዳሪሙም ሆነ በመቱ፣ በጎሬና በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች በየዓመቱ በብዙ ቤት ይነሣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንግሥት እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን የትምህርት ወጪ እንዲሸፍን፣ ከዚያ በላይ ላለው ግን ተማሪውና ቤተሰቡ ወጪውን እንዲጋሩ መወሰኑ ይታወሳል። ሆኖም ክፍያ በማይጠየቅበትም ስፍራ ቢሆን ደብተሩ፣ የደንብ ልብሱና ልዩ ልዩው መዋጮ የሚወጣው ከወላጅ ኪስ ነው። ከዳሪሙ የገጠር ቀበሌ ተነሥቶ መቱ ለመማር የሚሄድ ልጅ የቤት ኪራይና ስንቅ ያስፈልገዋል። ልጁ የሚማረው በግል ኮሌጅ ወይም ክፍያ በሚጠይቅ ሌላ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ሸክሙ በእጥፍ ይከብዳል።

በዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የወራቱ ቅደም ተከተል ነው። የአካባቢያችን ኑሮ በአብዛኛው በቡና ላይ የቆመ ነው። ቡናው የመስከረም ዝናብ ሲያባራ መቅላት ይጀምራል፤ እሸቱ ተለቅሞ፣ ጀንፈሉም ደርቆ ተሽጦ፣ ገንዘቡ በገበሬው እጅ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። እነዚህም ወራት ዝናቡ የሚቀንስባቸው፣ የተመረገው ጭቃ የሚደርቅባቸው፣ አናጢውም ከቤት ወደ ቤት የሚጠራባቸው የግንባታ ወራት ናቸው። የትምህርት ቤት ምዝገባ ግን የሚደርሰው በነሐሴና በመስከረም፣ ቡናው ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ሲመጣ ቆርቆሮው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የመዝጋቢው ቀን ሲደርስ ግን ቤቱ ባዶ ነው። ብዙ ወላጅ የልጁን ትምህርት ንቆ ቤቱን አላስቀደመም፤ ሳያስበው ወራቱ ቤቱን አስቀደመበት። በመስከረም የድጋፍ ማመልከቻ ይዞ የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ቤት ማደስ ኃጢአት ነውን? አይደለም። ኢሉባቦር በአገራችን እጅግ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። የሳር ክዳኑ የሻገተበት፣ ቋሚውን ምስጥ የበላበት አባወራ ከክረምቱ በፊት ቤቱን ቢጠግን የቤተሰቡን ጤና ጠበቀ እንጂ አላባከነም። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የሚያድር ልጅ ደብተሩ ይርሳል፤ ራሱም በብርድ ይታመማል። እንዲህ ያለው እድሳት ለትምህርቱም ጥቅም ነውና ወላጅ ስለ እርሱ ሊያፍር አይገባውም።

ዳሩ ግን እድሳት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚያፈሰውን ጣሪያ መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ ጎረቤት ስላሠራ ብቻ ኮርኒስ ማሠራት፣ ወለሉን ሊሾ ማድረግ፣ ደህናውን የእንጨት በር አውጥቶ በብረት መተካት ሌላ ነገር ነው። የኋለኞቹም በራሳቸው ክፉ አይደሉም፤ ተራቸውን መጠበቅ ግን ይችላሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 22 ንጉሥ ኢዮአቄምን ሲወቅሰው፣ ቤት ስለ ሠራ አልወቀሰውም። የባልንጀራውን ድካም ያለ ደመወዝ በልቶ ቤቱን በዝግባ እንጨትና በቀይ ቀለም ስላስጌጠ ወቀሰው እንጂ። አባቱ ኢዮስያስም እየበላና እየጠጣ ኖሮ ነበር፤ ነገር ግን ለድሀውና ለችግረኛው ይፈርድ ነበርና መልካም ሆነለት። የቤታችን ጌጥ የሌላውን ድርሻ በልቶ የመጣ እንደሆነ ያን ጊዜ ወቀሳው ለእኛም ይደርሰናል።

የጠቢቡ መጽሐፍ በምሳሌ 24፤27 ሰው አስቀድሞ የውጭ ሥራውንና እርሻውን እንዲያሰናዳ፣ ከዚያም በኋላ ቤቱን እንዲሠራ ይመክራል። ለገበሬ ይህ ምክር ግልጽ ነው፤ እርሻው ሳይዘጋጅ የተሠራ ቤት ነዋሪውን አይመግብምና። ለእኛ ደግሞ ከእርሻችን ሁሉ የሚበልጠው ልጃችን ነው። ስለዚህ የምንመክረው ቀላል ነገር ነው፦ የቡናው ገንዘብ በታኅሣሥ እጅ ሲገባ፣ ወደ ቆርቆሮ ሻጩ ከመሄዳችን በፊት፣ ባልና ሚስት በአንድነት ተቀምጠን የሚመጣውን መስከረም እናስብ። የእያንዳንዱ ልጅ መመዝገቢያ፣ ደብተር፣ ልብስና ኪራይ ስንት እንደሚሆን እንቁጠር፤ ያንንም ገንዘብ ለይተን በባንክ ወይም በቁጠባ ማኅበር እናስቀምጥ። ዕቁብ ያለን እንደ ሆነም ዕጣችን በነሐሴ እንዲደርሰን ከአባላቱ ጋር እንነጋገር። ከዚህ የተረፈው የቤቱ ነው። የተረፈው ለጣሪያው ብቻ ከበቃ ዘንድሮ ጣሪያው ይሠራ፤ ኮርኒሱና ቀለሙ ለከርሞ ይቆይ። የደቦ ወግ ባለበት አገር ምርጉንና ጉልበቱን በጎረቤት ክንድ ማቃለል ይቻላል፤ የትምህርት ክፍያን ግን በደቦ መክፈል አይቻልም።

ይህን ሁሉ አድርገንም ገንዘቡ ሳይበቃን ሊቀር ይችላል። የቡና ዋጋ ይወድቃል፤ በቤት ውስጥ በሽተኛ ይኖራል፤ ልጆችም ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም። ችግሩ ያለው በመጠየቁ ሳይሆን እንዴት እንደምንጠይቅ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የምናነበው የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ ለዚህ ታላቅ ትምህርት ይሰጠናል። እነዚያ ባልና ሚስት መሬታቸውን ሸጡ፤ ከዋጋውም ከፊሉን አስቀርተው የቀረውን ይዘው መጡ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ገንዘባችሁን ለምን አስቀራችሁ ብሎ አልከሰሳቸውም፤ መሬቱም ዋጋውም በሥልጣናቸው ሥር እንደ ነበር ራሱ ነግሯቸዋል። በደላቸው ከፊሉን ይዘው ሳለ ያለን ይህ ብቻ ነው ማለታቸው ነው።

በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ቤቱን ያደሰ ሰው ቤቱን ስላደሰ ከድጋፍ አይከለከልም። ነገር ግን በጥር አርባ ቆርቆሮ ገዝቶ በመስከረም ምንም ገቢ የለኝም ብሎ የሚጽፍ፣ ከቀበሌም የድጋፍ ደብዳቤ የሚያወጣ ሰው፣ የሐናንያን ቃል እየተናገረ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው እውነቱን ሁሉ ይያዝ። ዘንድሮ ከቡናና ከማር ያገኘነው ስንት ነው? ከብት ሸጠናል ወይ? ከከተማ ወይም ከውጭ አገር የሚረዳን ዘመድ አለ ወይ? ቤቱን አድሰን እንደ ሆነ ምኑን አደስን፣ ስለ ምንስ አደስነው? ዕዳ አለብን ወይ? ከክፍያው ውስጥ እኛ ራሳችን ልንሸፍን የምንችለው ስንቱን ነው? ግማሹን መክፈል የሚችል ወላጅ ግማሹን ብቻ ይጠይቅ።

የድጋፉ ገንዘብ እንደ ሰራፕታዋ መበለት ማድጋ የማያልቅ አይደለምና። ለአሥር ልጆች በሚበቃ ገንዘብ ላይ አሥራ አምስት ማመልከቻ ቢቀርብ አምስት ልጆች ይቀራሉ። ከአሥሩ አንዱ ያለ እውነተኛ ችግር የገባ ከሆነ፣ በእርሱ ምክንያት የቀረው ልጅ ስም አለው፤ ምናልባትም በዚያው ቀበሌ የሚኖር የጎረቤት ልጅ ነው። ገንዘቡስ ከወዴት መጣ? ከባለጠጎች ብቻ አይደለም፤ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ሳንቲሟን ከጣለችው ባልቴት ጭምር ነው እንጂ። የእርስዋን ሳንቲም ለበረንዳ ማሠሪያ እንዲውል ልናደርገው አይገባንም።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በጥቅምት 18 ቀን 1958 ዓ.ም. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ የልጆች የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስተምሯል። ልጆች ማመልከቻው ሲጻፍ አጠገባችን ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም እጃቸው የሚያምር ስለ ሆነ የሚጽፉት እነርሱ ናቸው። ቤታችን የጎደለውንና ያለውን እነርሱ ያውቃሉ። አባት ሐሰትን እያስጻፈ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ቢልክ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት በቤቱ አስተምሮ ጨርሷል። በአንጻሩ ያለንን ጽፈን የጎደለንን እንጠይቅ ብሎ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ አባት፣ ድጋፉን ባያገኝ እንኳ ለልጁ የማይሰረቅ ሀብት አውርሷል።

አሁን ደግሞ ስለማይጠይቁት እንናገር። በመካከላችን የሚያሳፍራቸው ነገር ሳይኖር የሚያፍሩ ቤተሰቦች አሉ። ቆርቆሮ ቤት ኖሮን እንዴት ድሀ ነን እንላለን፣ ሰውስ ምን ይለናል እያሉ ዝም ይላሉ፤ በዝምታቸውም ምክንያት ልጃቸው፣ ይልቁንም ሴቷ ልጅ፣ ከትምህርቷ ትቀራለች። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ የልጃችሁን ዕድል ለሰው ዓይን አትሠዉ። የተቸገረ ሰው በእውነት ሲጠይቅ ለሰጪውም የጽድቅ በር ይከፍትለታል። ጉባኤው በዚያው መግለጫው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በሀብት ድሀ ለሆኑት በተለይ እንዲያስቡ አሳስቧልና፣ መጠየቃችሁ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምረው የወጣ ልመና አይደለም።

ማመልከቻ ተቀብለው ለሚወስኑ ሽማግሌዎችና የኮሚቴ አባላትም ቃል አለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመበለቶች ዕለታዊ እርዳታ በትክክል አይከፋፈልም የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት መልካም ስም ያላቸውንና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው ነበር። እንግዲህ የእናንተም ሥራ ትንሽ አይደለም። ጣሪያ አይታችሁ ብቻ አትፍረዱ። ያ ቆርቆሮ በዕዳ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬ አምስት ዓመት ቡና በበረከተበት ጊዜ የተመታ ሊሆን ይችላል። በሩቅ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ለእናቴ ቤት ይሁን ብሎ የላከው አደራም ሊሆን ይችላል። አደራን ላኪው ሳያውቅ ለሌላ ማዋል አይገባም፤ ሆኖም ቤተሰቡ ለላኪው የልጁን ጉዳይ ገልጦ ከፊሉን ለትምህርት እንዲፈቅድለት መጠየቅ ይችላል። እናንተም ይህን በፍቅር ምከሩ። የሳር ቤት ያለው ሁሉ ደግሞ ችግረኛ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ጠይቁ፣ ቤቱንም ጎብኙ፤ የሰማችሁትን የቤተሰብ ምሥጢር ግን በቡና ላይ አታውሩት። ዘመድን ከባዳ አትለዩ።

ድጋፉን ያገኘ ቤተሰብም ኃላፊነቱ በዚያ አያበቃም። በኅዳር ቡናው ባልታሰበ ዋጋ ከተሸጠ ወደ ኮሚቴው ተመልሶ፣ እግዚአብሔር ጎብኝቶኛልና ቀሪውን ለሌላ ልጅ ስጡልኝ ማለት ምንኛ ያማረ ምስክርነት ነው! አንድ ቤተሰብ እንዲህ ቢያደርግ በወረፋ የቀረች አንዲት ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8 ያስተማረው ማካካስም ይኸው ነው፦ ዛሬ የእኔ ትርፍ ያንተን ጉድለት ይሞላል፤ ነገ ደግሞ ያንተ ትርፍ የእኔን።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ቤታችንን እንደስ፤ ልጆቻችንንም እናስተምር። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ሲያቅተን የማይዘገየውን እናስቀድም፤ የሚዘገየውን እናዘግይ። የጎደለንን በእውነት እንጠይቅ፤ የተረፈንን በደስታ እንስጥ። በናዝሬት በአናጢ ቤት ያደገው፣ በቅዱስ ዮሴፍና በእመቤታችን በድንግል ማርያም እጅ በጥበብ የጎለመሰው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ ጣሪያችንን ከዝናብ፣ አንደበታችንን ከሐሰት፣ ልጆቻችንንም ከድንቁርና ይጠብቅልን። አሜን።