ቴርሞሜትሩ የማያሳየው ሙቀት

መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንግለጥ፤ ኢዮብ 36፥27-28። ኤሊሁ እዚህ ላይ የሚናገረው ስለ ዝናብ ነው፤ እግዚአብሔር የውኃውን ጠብታ ወደ ላይ እንደሚስብ፣ ከዚያም ደመናው በሰው ላይ እንደሚያዘንበው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናየው የሚወርደውን ነው። ዛሬ ስለሚወጣው እንነጋገር።

አንዲት እህት፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፣ ከአምልኮ በኋላ ጠብቃኝ «ፓስተር፣ ለልጄ ስጸልይ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ጸሎቴ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። የችኮላ መልስ ልሰጣት አልደፈርኩም።

እስቲ ድስት ላይ ውኃ ጣዱ። አንድ ግራም ውኃ ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 100 ካሎሪ ያህል ይበቃል። 100 ሲደርስ ቴርሞሜትሩ ይቆማል። እሳቱ ይነዳል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ያችን አንድ ግራም ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ደግሞ 540 ካሎሪ ያህል ያስፈልጋል፤ ከአምስት እጥፍ በላይ! ይህ ሁሉ ሙቀት የት ገባ? አልጠፋም። እንፋሎቱ ተሸክሞታል።

ባሕርም ሳይፈላ በፀሐይ ሙቀት ይተናል። ተኑን የያዘው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፤ ተኑም በጥቃቅን ብናኝ ላይ ተሰብስቦ የደመና ጠብታ ይሆናል። ያን ጊዜ የተሸከመውን ሙቀት መልሶ ይሰጣል። ያው ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደመናው ያድጋል። ጠብታዎቹ እየተጋጩ ሲከብዱ ይዘንባል።

የአገራችንን ክረምት አስቡ። ጎጃም ላይ የሚዘንበው ውኃ እዚያው የተነነ ብቻ አይደለም። ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ደኖች በኩል ተጉዞ የመጣ አለበት። ገበሬው ያንን ባሕር አላየውም፤ ማሳው ግን ረጥቧል። ስንቶቻችን ነን ዛሬ በሰው አገር በእምነት የቆምነው፣ እናቶቻችን እዚያ ተንበርክከው ባፈሰሱት እንባ? አሜን? እነርሱ ሲጸልዩ የሚታይ ለውጥ አልነበረም።

እህቴ፣ ልጅሽ የሚመለስበትን ቀን ልነግርሽ አልችልም። ምሳሌም ምሳሌ ነው፤ እግዚአብሔር ካሎሪ ቆጥረን የምናስገድደው አምላክ አይደለም። እርሱ አባት ነው። የሚሰማ አባት ፊት የፈሰሰ እንባ ግን ባክኖ አይቀርም።

ኤልያስን አስታውሱ፤ 1ኛ ነገሥት 18። ብላቴናው ወደ ባሕሩ እየተመለከተ ስድስት ጊዜ ባዶውን ተመለሰ። በሰባተኛው የሰው እጅ የምታህል ደመና አየ። ባሕሩ በስድስቱም ጊዜ ሲተን ነበር።

ስድስተኛው ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እሳቱን አታጥፉ። እንጸልይ።