ለባለቤቱ ያልተነገረ መርዶ

አምና አንድ የጤና ትምህርት አፕ እንድሠራ ተጠየቅኩ። ሥራው ቀላል ነበር የሚመስለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ስልካቸው ላይ ከፍተው የሚያነቧቸው አጫጭር መልእክቶች ናቸው። ኮዱን በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አንድ ወር ሙሉ ፈጀችብኝ። ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር በሚናገረው ክፍል ውስጥ ያለች ጥያቄ ናት፦ «ሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?»

እስቲ ይህን ይዛችሁ ቦረና ሂዱና አንድ የ50 ዓመት ገበሬ ጠይቁ። የወሎውን ቦረና ማለቴ ነው። መካነ ሰላም ዙሪያ ያደግን ሰዎች ለዚህ ነገር ቀጥተኛ ቃል የለንም፤ ማለቴ አለን፣ ግን ሰው ፊት ከአፋችን አይወጣም። «ሜዳ ወጣ» እንላለን፤ ጨዋ ስንሆን ደግሞ «ዓይነ ምድር»። ጠያቂዋ ልጁ የምትሆን የ24 ዓመት ወጣት ናት። እሷም ታፍራለች፣ እሱም ያፍራል፤ ጥያቄው ይዘለልና ስለ ልጆች ክትባት ይወራል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ከዋና ዋና ትምህርቶቹ አንዱ መጸዳጃ ቤት መቆፈር ነበር። ትክክልም ነበር። ከ20 ዓመት በላይ «ቅበሩት፣ ሸፍኑት፣ እጃችሁን ታጠቡ» ስንል ኖረን፣ አሁን ደግሞ «ከመሸፈናችሁ በፊት እስቲ እዩት» ልንል ነው።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ያስቸገረችኝ በቃላት ብቻ አይደለም። ያን ጥያቄ በጊዜው መጠየቅ የነበረብኝ ሰው ነበር። አልጠየቅኩትም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበሩ። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርደው በኩል ጤፍና ስንዴ የሚያርሱ፣ ቀልድ የሚወዱ፣ ሐኪም ቤት የማይወዱ ሰው። ከዓመት በላይ ደም ያያሉ፤ ለሰው የሚሉት ግን «ኪንታሮት ነው» ብቻ ነው። መጀመሪያ የኪንታሮት መድኃኒት ያውቃል የተባለ ሰው ጋ ሄዱ፤ ሥር ቀጥቅጦ ሰጣቸው። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ አሜባ ነው ብሎ እንክብል ሰጣቸው። ሁለቱም ግምቶች የሚያስቁ አይደሉም። ኪንታሮትም አሜባም ያደማሉ፤ በእኛ አገር ደግሞ ከካንሰር ይልቅ እጅግ የተለመዱ ናቸው። የጎደለው አንዲት ንግግር ነበረች፦ «መድኃኒቱን ጨርሰው ካልቆመ ተመልሰው ይምጡ።»

ለገና አገር ቤት ስገባ አየኋቸው። ቀበቷቸው ላይ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። ከማዕድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስተው ይወጣሉ። ጠላው ሲቀርብላቸው «ሆዴ አልተስማማውም» ይላሉ። ሁሉንም አየሁ። እኔ እንግዲህ ሰርቨር ላይ ትንሽ ያልተለመደ ነገር ከታየ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ሎግ የማነብ ሰው ነኝ። እዚያ ግን «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» ማለት ነውር መሰለኝና ዝም አልኩ።

ከአምስት ወር በኋላ እሳቸው ራሳቸው መጡ። ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሌላ 400። 52 ዓመታቸው ነበር።

እዚህ ላይ ጥያቄው ይመጣል። ታዲያ ሁሉንም ሰው አስቀድሞ መመርመር አይሻልም? እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ በቁጭት። ሐሳቡ ጠንካራ መሠረት አለው። ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ነው፤ እባጩ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። በዚያ መሀል ሰውየው ምንም አይሰማው ይሆናል። በዓይን የማይታይ ደም በሰገራ ምርመራ ሊገኝ ይችላል፤ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ እባጩ ታይቶ እዚያው ይቆረጣል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2021 የምርመራውን መጀመሪያ ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ አድርገዋል። «ብላክ ፓንተር»ን ሆኖ የተወነው ቻድዊክ ቦዝማን በዚሁ በሽታ የሞተው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ43 ዓመቱ ነው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለውም ድሮ የሐኪሞች ሐሳብ ነበር። ኡጋንዳ ይሠራ የነበረው አይሪሻዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሰር ያለው ምግብ የሚበላ የአፍሪካ ገበሬ በዚህ ካንሰር ብዙ አይያዝም ብሎ ጽፏል። አሰር ይጠቅማል መባሉ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ግን ብዙ አይያዝም ማለት አይያዝም ማለት አይደለም። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የበሉት የጤፍና የገብስ እንጀራ፣ ባቄላና ሽሮ ነው። ዛሬ በአገራችን ይህ ካንሰር ከጡትና ከማኅፀን ጫፍ ካንሰር ቀጥሎ ከሚጠቀሱት ውስጥ ነው፤ ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ ገና 50 ያልሞላቸው ናቸው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቁጥሩ የምሳሌ ነው። ከአንድ ቀበሌ 1,000 ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎችን የሰገራ ምርመራ አደረግንላቸው እንበል። 5ቱ በሽታው አለባቸው፤ ምርመራው 4ቱን ያዘልን። ከቀሩት 995 ሰዎች ደግሞ በአንጀት ትላትል፣ በኪንታሮት ወይም በሌላ ምክንያት 60ዎቹ ላይ ደም አሳየ። ስለዚህ 64 ሰዎችን «ኮሎኖስኮፒ ያስፈልግሃል» ማለት ነው። የት? መሣሪያውም ባለሙያውም ያሉት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። በሬውን ሸጦ ከሚሄደው 64 ሰው 60ው በከንቱ ተጨንቆ ይመለሳል። የማይሄደው ደግሞ ካንሰር ይኖርብኝ ይሆን እያለ ያርሳል።

ይህን ነገር ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት በጻፉት መጽሐፍ አስቀምጠውታል። ጤነኛውን ሰው ከመመርመርህ በፊት፣ በሽታው ቢገኝ የምታረጋግጥበትና የምታክምበት ቦታ ይኑርህ ይላሉ። ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር ይህ በእኛም አገር ይሠራል፤ ነርሷ በአሴቲክ አሲድ ቀብታ ታያለች፣ ለውጥ ካገኘች ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ታክማለች። ማወቁና መዳኑ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። የአንጀቱ ግን በማወቅና በመዳን መካከል 580 ኪሎ ሜትር አለው።

እንግዲህ ኢንጂነር ጭንቅላቴ «መንገድ ከሌለ አትቀስቅስ» ብሎ ሊዘጋው ፈለገ። በቃ፣ መልእክቷን ከአፑ አውጣት። አንድ ቀን ሙሉ አውጥቻት ነበር።

የመለሰኝ የአጎቴ ቀበቶ ነው። እሳቸው ጤነኛ አልነበሩማ! ማንም ሊቀሰቅሳቸው አይችልም፤ በሽታው ራሱ ቀስቅሷቸዋል። ጤነኛውን ሰው ቤቱ ሄዶ «እስቲ ልፈልግብህ» ማለት አንድ ነገር ነው። ደም እያየ ዓመት ሙሉ ብቻውን የሚያፍረውን ሰው «እኔም አውቄዋለሁ፣ ና እንነጋገር» ማለት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ ይፈልጋል። የሁለተኛው መጀመሪያ ቃል ነው። የቃል እጦትን በመሣሪያ እጦት አሳብበን ዝም ማለት አንችልም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ግን ከዝምታም ይብሳል።

ውጤቱ ሲወጣ ወረቀቱን ተቀብዬ ኮሪደር ላይ አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ነው፤ አዴኖካርሲኖማ ይላል። ጉበታቸው ጋ ደርሷል። ሐኪሙ «ለእሳቸው ማን ይንገራቸው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ «እኛው እንነግረዋለን» አለችው። ከክፍሉ እንደወጣን ክንዴን ያዘችኝ፦ «እንዳትነግረው! ይሰበርብኛል። ሳይሞት አትግደልብኝ።»

ወደ ደሴ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎኔ ተቀምጠው ጠየቁኝ። «አንተ እንግዲህ የተማርክ ነህ። ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ቁስል ነው ይላል ጋሼ። በመድኃኒት ይደርቃል።»

«እሰይ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

ስምንት ወር ኖሩ። በስምንቱ ወር ያደረጉትን ልንገራችሁ። ቤታቸውን ቆርቆሮ ሊያለብሱ ተበደሩ። ጊደር ገዙ። በድንበር ምክንያት ሰላምታ ካቆሙ ስድስት ዓመት የሆናቸው ጎረቤት ነበሩ፤ ሽማግሌ ሊያስታርቃቸው ሲመጣ «ትንሽ ይሻለኝና እኔው እሄዳለሁ» አሉ። ኑዛዜ አልተናዘዙም፤ ቁስሉ የሚደርቅ ሰው ለምን ይናዘዛል? ብድሩም የድንበሩ ክርክርም ለልጆቻቸው ተላለፈ።

እናቴን አልወቅሳትም። ክፉ ወሬ ሰው ይጎዳል፤ ይህን የምታውቀው ከኑሮ ነው። እኛ ደግሞ ክፉ ወሬ መንገር የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡት። በስልክ አይባልም፣ በሌሊት አይባልም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማልዶ ይኬዳል፣ የሚናገረው ሰው ይመረጣል፤ ከተነገረም በኋላ ማንም ጥሎ አይሄድም፣ ለቀናት አብሮ ይተኛል። አጎቴ ሲሞቱ ከተማ ላሉት ልጆቻቸው ልክ በዚህ ወግ ነገርናቸው። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ውስጥ መርዶው ያልተነገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለቤቱ።

«ማወቅ የማይፈልግ ሰውስ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። መብቱም ነው። ግን ያ መብት የራሱ እንጂ የእህቱ ልጅ አይደለም። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ልንገርዎት ወይስ ለእኛ ይተዉት?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። «ተወው» ቢሉኝ ዝም ማለቴ መታዘዝ ይሆን ነበር። ሳልጠይቅ ዝም ማለቴ ግን የእሳቸውን ስምንት ወር እኔ መወሰኔ ነው።

ስለዚህ አሁን የማምነው ይህን ነው። ማሳወቅ ብቻውን ደግነት አይደለም፤ ነግሮ የሚሄድ ሰው ሸክም ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ግን ከዚህ የሚከተለው «አትንገር» አይደለም። የሚከተለው «ነግረህ አትሂድ» ነው።

ዓረፍተ ነገሯን መልሼ አስገባኋት። አሁን እንዲህ ትላለች፦ «ሜዳ ሲወጡ ወይም ሽንት ቤት ሲቀመጡ ደም አይተው ያውቃሉ? ብዙ ሰው ያያል፤ አያሳፍርም። አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ወይም አሜባ ነው፣ ይታከማል። ታክመው ካልቆመ፣ ከከሱ፣ ወይም የሆድዎ ጠባይ ለሳምንታት ከተለወጠ ተመልሰው ይምጡ፤ ሌላ ምርመራ አለ።» ከሥሯ አንድ ሳጥን ጨመርኩ። ሠራተኛዋ «አዎ» የሚለውን ከመረጠች፣ የት እንደላከችውና መቼ እንደምትጠይቀው ሳትሞላ አፑ ወደ ቀጣዩ ገጽ አይሄድም። ቡድኑ ውስጥ «ይህ ሥራ ያንቀራፍፋል» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ያንቀራፍፋል።

ባለፈው ወር ለአጎቴ ትልቁ ልጅ ደወልኩ። 31 ዓመቱ ነው። የአባቱ በሽታ ምን እንደነበረ፣ ወረቀቱን ማን እንዳነበበውና ማን እንደዋሸ ነገርኩት። ረጅም ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ እኔስ?» አለኝ።

ለዚህኛው መልስ ነበረኝ። አባት ወይም እናት፣ ወንድም ወይም እህት ከ60 ዓመት በፊት ከተያዘ፣ የአገራት መመሪያዎች ምርመራ ከ40 ዓመት ጀምር ይላሉ፤ ወይም ዘመድህ ከተያዘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመህ፣ ከሁለቱ በቀደመው። የእሱ 40 ነው። ዘጠኝ ዓመት አለው። «እስከዚያ ደም ካየህ ግን ኪንታሮት ነው ብለህ አትቀመጥ፣ በዚያው ቀን ደውልልኝ» አልኩት። ስልኬ ላይ ቀኑን መዝግቤዋለሁ፤ ያኔ ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ ድረስ አብሬው እመጣለሁ።

«ለእናታችን አትንገር» አለኝ ሊዘጋ ሲል።

«እሷ ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ» አልኩት።